ያላለቀው ስምንት

ስምንቱን ሳልጨርስ ከውሃው አወጣሁት።

ጥፋቱ ይሄ ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እንድታምኑኝ አልለምናችሁም። የተማርኩት የውሃ ኬሚስትሪ ነው፤ ሌላ ሰው ይህን ቢያወራኝ ግማሹ ላይ አቋርጬው እነሳ ነበር። ግን ሆኗል። ሰዓቱንም ስልኬ ላይ አይቻለሁ። እሁድ፣ የኦክቶበር መጨረሻ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሃያ። ቦታው ሰሜን ዊስኮንሰን፣ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሐይቅ።

ወንድሜ ኩርት ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ ሳምንት፣ እዚሁ ሐይቅ ላይ ጠፋ።

ጀልባው ተገኘች። የተገመሰ ቋሊማው መቀመጫው ላይ ነበር። እሱና የማጥመጃ ዘንጉ ግን የሉም። ጠላቂዎች አስራ አንድ ቀን ፈለጉት። ከዚያ ሐይቁን በረዶ ያዘው።

በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ አባቴ በየቀኑ ይወጣል። ማስኪ ላጠምድ ነው ይላል። ማስኪ ቁመቱ የአስር ዓመት ልጅ የሚያክል፣ ጥርሳም ዓሣ ነው። አንዱን ለመያዝ አስር ሺህ ጊዜ መንጠቆ መወርወር አለብህ ይባላል። ስለዚህ ማንም ሰው አባቴን "ምነው ቆየህ" ብሎ አይጠይቀውም። ለሀዘንተኛ የተመቸ ዓሣ ነው።

እናቴ እዚያ ቤት መኖር አልቻለችም። ግሪን ቤይ፣ እህቷ ጋር ገባች። ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ።

"ሐይቁን በረዶ ሳይዘው አባትሽን አምጪልኝ" አለች። "ሌላ ክረምት ብቻውን እዚያ ከቆየ እሱንም አጣዋለሁ።"

የመጣሁት ለዚህ ነው። አባቴን መኪና ውስጥ አስገብቼ ልወስደው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ነበረብኝ።

"አንድ ጊዜ ልውጣ" አለ አባቴ። "ከዚያ አንቺ እንዳልሽ።"

"አንድ ሰዓት።"

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

"አባዬ፣ ዓሣ ገበያ ነው እንዴ?"

"ገበያ ቢሆንማ በባዶ እጄ አልመለስም ነበር።"

ስንወጣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ታች፣ ከእንጨቱ ግርጌ፣ ያ ጥቁር ምልክት አሁንም አለ። ኩርት በሩን በእጁ ዘግቶ አያውቅም። ወጥቶ፣ ዞር ሳይል፣ በተረከዙ ይመታዋል። እናቴ ሃያ ዓመት ስትጮህበት ኖራለች።

ሐይቁ ላይ ንፋስ አልነበረም። ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቷል።

አባቴ የማጥመጃ ዕቃ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ የዓሣ ማታለያ መምረጥ ጀመረ። ይሄ አመራረጡ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳብደኛል። የማስኪ ማታለያ በአጋዘን ጭራ ጠጉር ይሠራል። መንጠቆው ጠጉሩ ውስጥ ይደበቃል፣ ከፊቱ የነሐስ ክንፎች ይሽከረከራሉ። ዓሣው ሳያያቸው በፊት ይሰማቸዋል። የሚጎትተውም ሰው ይሰማቸዋል፤ በክሩ መጥተው እጀታው ላይ ይመታሉ።

ድም... ድም... ድም...

"ባለ አንድ ክንፍ ለጠራ ውሃ" አለ፤ አንዱን አንስቶ መለሰው። "ባለ ሁለት በፍጥነት ለሚጎትት። አንቺ ባለ ሁለት ነሽ፤ ዕድሜሽን ሙሉ እንደቸኮልሽ ነው።"

"አንዱን ስጠኝ በቃ።"

"ውሃው ግን ዛሬ ሻይ መስሏል። ባለ ሦስት ይሻላል። ቀስ ብሎ፣ ከላይ ከላይ እየጮኸ..."

አላስጨረስኩትም። እጄን ሰድጄ ከሳጥኑ ጥግ አንዱን አወጣሁ።

አራት ክንፍ ነበረው።

እዚህ አካባቢ ባለ አራት ክንፍ የሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኩርት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። የማጥመጃ ዕቃ ሻጩ፣ "ይሄ እንቁላል መምቻ ነው፤ ዓሣ አይዝም፣ ኦምሌት ይሠራል" ብሎታል። ኩርት ከቀይ ጺሙ ቆረጥ አድርጎ ከጥቁሩ ጠጉር መሃል አሰረው። "ዓሣ ሲይዝ ማንም የኔ ነው እንዳይል" አለ።

የጠፋ ዕለት ዘንጉ ላይ የነበረው ይሄ ነው።

ጠጉሩን በጣቴ ገለጥኩት።

ቀዩ አለ።

እርጥብ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

አባቴ ውሃውን አየ።

"ጀልባ የማስርበት እንጨት ላይ ተሰክቶ አገኘሁት" አለ በሹክሹክታ። "ሰኞ ጠዋት። መልሼ ወረወርኩት።"

"እና?"

"ማክሰኞም ነበር።"

"አባዬ..."

"ረቡዕም።"

ማብራሪያ አይጠፋም። ሞገድ አወጣው። ያገኘው ሰው እዚያ ሰካው። አባቴ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ የማያስታውሰውን ነገር ይሠራል። የመጨረሻው ይበልጥ አሳመነኝ። ነገሩ ዛሬ ይለቅ አልኩ። ማታለያውን ክሩ ላይ አያያዝኩት።

"እሱን አትወርውሪ" አለ።

"አንዴ እወረውረዋለሁ። ምንም አይመጣም። ከዚያ ወደ ቤት፣ ከዚያ ወደ እማዬ። ተስማማን?"

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። "ስምንቱን ግን ትሠሪያለሽ።"

ማስኪ ብዙ ጊዜ አይነክስም። ማታለያውን ተከትሎ እስከ ጀልባው ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ ቆሞ ያያል። ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ከታችሁ ስምንት ቁጥር ትስላላችሁ። ሰፊ፣ ሳታቆሙ። ምንም ባይታያችሁም ትስላላችሁ። እኛ ጋ ልጅ ይህንን የሚማረው ከዋና በፊት ነው። ሳይጨርሱ ማውጣት፣ አባቴ እንደሚለው፣ የጠሩትን እንግዳ በር ላይ አቁሞ መሄድ ነው።

ስልኬን አየሁ። አስር ሰዓት ከሃያ።

ወረወርኩ።

አራቱም ክንፎች መሽከርከር ጀመሩ። እጀታው መዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግማሽ መንገድ ላይ ሆን ብዬ ክሩን መጠምጠም አቆምኩ። መጎተቱ ከቆመ ክንፎቹ አይዞሩም። ሊዞሩ አይችሉም።

እጀታው አላቆመም።

ድም... ድም... ድም...

ቀስ ብሎ። እንደሚራመድ ሰው።

"አትቁሚ" አለ አባቴ። "ጎትቺ።"

ጎተትኩ። ማታለያው ከጭጋጉ ሥር እየቀረበ መጣ። ከኋላው ጥላ ነበር። ረጅም። ማስኪ ነው አልኩ ለራሴ። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሌላ ምን ይኖራል?

ግን ማስኪ ሲከተል ተጋድሞ ነው።

ይሄ ቆሞ ነበር።

"ስምንቱን" አለ አባቴ። ድምፁ ተለውጧል። ፈርቶ መሰለኝ፤ ዞር ብዬ ሳየው ግን ደስ ብሎታል። "ስምንቱን፣ ልጄ። ሰፋ አድርጊው። አትቸኩይ።"

የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። የመጀመሪያውን ክብ ዞርኩ።

ጥላውም ዞረ።

ሁለተኛውን ክብ ስጀምር ከጀልባው ሥር ወደ ብርሃኑ ወጣ። ነጭ ነገር አየሁ። ጫፉ ላይ አምስት ቦታ የተከፈለ፣ ነጭ ነገር። የጀልባውን ጠርዝ ይዳብስ ነበር።

ዘንጉን ቀና አድርጌ መዘዝኩት።

ማታለያው አየር ላይ እየተንጠባጠበ ተወዛወዘ። ውሃው ባዶ ነበር።

"ግማሹ ላይ" አለ አባቴ። "ግማሹ ላይ ተውሽው።"

ክሩን ቆረጥኩት። ማታለያውን ከነቀይ ጺሙ ወረወርኩት። ሞተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ዘንጉ የጀልባው ወለል ላይ ተጋድሞ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ምንም ሳይኖር፣ እስከ ቤት ድረስ መታ።

ድም... ድም... ድም...

ቤት ስንደርስ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። አባቴ ዘንጉን ወጥ ቤቱ ጥግ አቆመው። እውጭ ይቅር አልኩት፤ አልሰማኝም። ካፖርቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር። አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። ጓዳ ገብቼ ልብሱን በሻንጣ ከተትኩ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስመለስ ወለሉ እርጥብ ነው።

"አባዬ፣ ቦቲህን አውልቅ እንጂ።"

"ቦቲዬ ደረቅ ነው" አለ። እግሩን አንስቶ አሳየኝ።

ደረቅ ነበር።

ዱካው የባዶ እግር ነው። ከበሩ ይጀምራል። ጠረጴዛውን ይዞራል። መሃል ላይ ራሱን አቋርጦ ወደ እንጨት ምድጃው ይሄዳል። ምድጃውን ግማሽ ከዞረ በኋላ ይቆማል።

እዚያ የቆመበት ቦታ ላይ ውሃ ይጠራቀም ነበር።

ዘንጉ ግድግዳውን ይመታል።

"ከፊቱ የሚሄድ ከሌለ መዞሩን አያውቅም" አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ። "አንድ ሰው ሊጨርስለት ይገባል።"

"እማዬ እየጠበቀችህ ነው።"

"አውቃለሁ። ስትነጂ ተጠንቀቂ፤ በዚህ ሰዓት አጋዘን መንገድ ያቋርጣል።"

"ቁጭ በል፣ አባዬ።"

ተነሳ። ምድጃው ጋ ሄዶ፣ ከመጨረሻው ዱካ አንድ እርምጃ ቀድሞ ቆመ። ከዚያ መራመድ ጀመረ። ሰፋ አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ የዘንግ ጫፍ እንደሚዞረው።

ከኋላው አንድ እርጥብ ዱካ ታየ።

ሌላ ታየ።

ሮጬ እጅጌውን ያዝኩት። በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። የእጄ ጀርባ ላይ ከላይ ውሃ ተንጠባጠበ... ከጣሪያው አይደለም። ከሰው ፊት ከፍታ ነው። ቀዝቃዛ ነበር፤ የሐይቅ ሽታ ነበረው።

ለቀቅኩት።

ይሄን ለእናቴ አልነገርኳትም።

አባቴ ስምንቱን በሩ ላይ ዘጋው። በሩን ከፍቶ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ባዶ እጁን ወደ ውሃው ይወርዳል። አልዞረም። ጀልባዋ ጋ ሲደርስም አላቆመም።

ዘንጉ ዝም አለ።

በሩ ገና ክፍት ነበር። ደፉ ላይ ሁለት እርጥብ የእግር ዱካዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጣቶቻቸው ወደ እኔ ናቸው።

ከዚያ ዞሩ። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ።

በሩም ከታች፣ በተረከዝ ተመትቶ ተዘጋ።