አንሶላውን ለብሳ ሜዳው መሀል የቆመችው

ይህ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ሮቤ አጠገብ ሲናና ድረስ ሄዶ ለሊሴን ይጠይቃት። ከመለሰችለት...

ባለፈው ክረምት ነው። ሌሊት አይደለም፣ ጅብም አልጮኸም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ ጉሙ የስንዴውን ማሳ መዋጥ ሲጀምር ነው።

ለሊሴ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ይዛ አታውቅም። አባቷ ጉሉማ የአንድ ትልቅ እርሻ ዘበኛ ነው። እርሻው የስንዴ ዋግ በሽታ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን አለው፤ የሚያርፈው ሣር ሜዳ ላይ ነው። የሷ ሥራ ሜዳው ላይ የሚገቡትን ፈረሶች ማባረርና በእጅ ሬዲዮ «ሜዳው ባዶ ነው» ማለት ነው። አብራሪው ካፒቴን ፍቅረሥላሴ «ታወሯ» ይላታል፤ እንደ ኤርፖርት መቆጣጠሪያ ማማ። በዚህ ስም ሰፈሩ ላይ ስትጎርር ከርማለች።

አንድ ቀን ካፒቴን እንዲህ አላት።

«ኤሌክትሪኩ ከጠፋብኝ ሬዲዮዬም አብሮ ይጠፋል። ሞተሩ ግን አይጠፋም፣ እንዳትደነግጪ። ዝቅ ብዬ አልፍና ክንፌን ግራ ቀኝ አወዛውዛለሁ። ሜዳው ባዶ ከሆነ ነጩን አንሶላ ዳር ላይ ዘርጊልኝ። ፈረስ ካለ እንዳትዘረጊ። አንሶላ ካላየሁ ሮቤ ሄጄ አርፋለሁ። ገባሽ?»

«ይሄ ምኑ ይከብዳል ካፒቴን?»

ምኑም አይከብድም። ግን ለሊሴ ጉንፋን ይዟታል፣ ሌሊት ይበርዳታል፣ አንሶላው ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ለብሳው ታድር ነበር። አደፈ። ጉሙ የመጣ ዕለት አጠበችውና እንደማንኛውም ልብስ ሣሩ ላይ አሰጣችው።

እዚያው ሜዳው ዳር።

ካፒቴን ሌላ እርሻ ሊረጭ ሄዷል፣ የሚመለሰው ነገ ነው ተብሏል። ስለዚህ ሬዲዮዋን ኪሷ ከትታ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የሂካ ሱቅ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ወጣች። ስልኩ ሰበብ ነው፤ ማየት የፈለገችው ሂካን ነው።

«ያ ለሊሴ» አላት ሂካ፣ «ስልክሽ ከሞላ ቆየ እኮ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ትንሽ ይቀዝቅዝ ብዬ ነው።»

ያኔ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

አውሮፕላኑ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። መብራት የለውም። ኪሷ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ጭጭ ብሏል።

ክንፉን ግራ አለ... ቀኝ አለ...

«አየሽ፣ ሰላም እያለሽ ነው» አለ ሂካ እየሳቀ።

ለሊሴ አልሳቀችም። ቁልቁል ሜዳውን አየች። ፈረሶቹ መሀል ገብተው ይግጣሉ።

ዳር ላይ ደግሞ አንሶላው... ተዘርግቶ... ነጭ ብሎ...

ሮጠች።

ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አልተመለሰችም። ሬዲዮውን አፏ ላይ አድርጋ ትጮሃለች።

«ካፒቴን አይውረዱ... ፈረስ አለ... አይውረዱ...»

እንደማይሰማት ታውቃለች።

ሬዲዮው ግን መለሰላት። በሹክሹክታ።

«አትሩጪ... እኔ አለሁ።»

የካፒቴን ድምፅ አይደለም። የሴት ልጅ ነው። ጉንፋን ያፈነው... የራሷ የለሊሴ ድምፅ።

ጉሙ ሜዳውን ሸፈነው። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። በጣም ዝቅ አለ። ከዚያ በድንገት አጓርቶ ወደ ላይ ተነሣ። በመሀል አንድ ነገር «ዷ» አለ። ድምፁ ወደ ሮቤ እየራቀ ሄደ።

ስትደርስ ፈረሶቹ በሁለት ወገን ቆመዋል። አንዱም ሣር አይግጥም።

አንሶላው የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካፒቴን በመኪና መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ትከሻዋን ያዛት፣ ራሷን ዳበሳት።

«ደህና ነሽ? አልነካሁሽም?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወደ አባቷ ዞረ።

«ጋሽ ጉሉማ፣ ልጅዎ አንበሳ ናት። አንሶላውን አይቼ ልወርድ ስል፣ እሱኑ ለብሳ መሀል ሜዳ ገብታ በእጇ ሂድ ሂድ ትለኛለች። ባትኖር ከፈረሶቹ ጋር ተላትሜ አልቆልኝ ነበር። ሮቤ በአረንጓዴ መብራት ምልክት አሳረፉኝ።»

አባቷ እንባው መጣ። አቅፎ ግንባሯን ሳማት። በሕይወቷ እንዲህ ኮርቶባት አያውቅም።

«እውነት አልነካሁሽም?» አለ ካፒቴን እንደገና።

«አልነኩኝም» አለች። ምላሷ መረራት።

«እኔ ግን... ጎማው ላይ ይሄን አገኘሁ።»

መሐረቡን ፈታ። ውስጡ ሹሩባ አለ። አንዲት ቀጭን ሹሩባ፣ ጫፏ በቀይ ክር የታሰረ።

ለሊሴ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። የሹሩባዎቿን ቀይ ክሮች አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሁሉም አሉ።

አባቷ ገና እንዳቀፋት ነው። እቅፉ ከበዳት።

«ካፒቴን... እኔ አልነበርኩም።»

«ምን?»

«ሂካ ሱቅ ነበርኩ። አንሶላውንም ያሰጣሁት አጥቤው ነው። ልገድልዎት ነበር።»

የአባቷ ክንድ ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ካፒቴን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እጁ ላይ ያለችውን ሹሩባ ብቻ ያያል።

«ታዲያ...» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ማንን ነው የመታሁት?»

ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ፈረስ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

ቀጥሎ ያለውም ፈቀቅ አለ።

ከዚያ ሌላው... ለሆነ ሰው መንገድ እንደሚለቅ... እየቀረበ... ወደ እነሱ።

መሀል ላይ ማንም የለም። ሣሩ ብቻ እንደተረገጠ ይተኛል።

«ልጄ፣ ቤት ግቢ» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

አልገባችም። ሹሩባዋን ከካፒቴን እጅ ወሰደች፣ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ወደ ሜዳው ዘረጋች።

«ይቅር በይኝ» አለች። ለማን እንደሆነ አታውቅም።

የመጨረሻው ፈረስ ፈቀቅ አለ።

ሹሩባዋ ከመዳፏ ላይ... በቀስታ... ተነሣች።