በሙሪድ ሸሚዝ ላይ የተገኙት ትሎች

ሙሪድ በገዛ ጥጥ ማሳው መሐል ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ሸሚዙ በፀረ ተባይ መርዝ ርሷል፤ ባዶው ጠርሙስ እጁ ሥር ወድቋል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» አለ ታላቅ ወንድሙ ራምዛን።

ኢንስፔክተር ተህሚና ተንበርክካ ሸሚዙን አየች። በራሰው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ የጥጥ ትሎች ይርመሰመሳሉ።

«መርዙን ማን ሸጠለት?»

«ለሱ? ጠብታ ገዝቶኝ አያውቅም!» አለ ነጋዴው ሰጃወል። «ማሳውን የማይረጭ ትል አርቢ! ገበያዬን የዘጋው እሱ ነው።»

«ጠልተኸዋል ማለት ነው።»

«ያልጠላው ማን አለ?»

ሚስቱ ዙሌኻ ቀና አለች። «አንድ ሰው ሊታረቀኝ ጠራኝ ብሎ እየሳቀ ነው የወጣው። ስሙን አልነገረኝም።»

«ለምን ነበር የማይረጨው?»

«መርዝ ደካማውን ትል ይገድላል፤ የሚተርፈው ብርቱው ነው፣ የሚወልደውም ብርቱ ነው ይል ነበር። እኔ ጋ ደካሞቹ ይኑሩና ከጎረቤት ማሳ ብርቱዎች ጋር ይዳቀሉ፤ ያኔ ልጆቻቸው መርዙን አይችሉትም ይል ነበር። ማን ሰማው?»

ተህሚና ሁሉንም በማሳው ጎን ወዳለው ቦይ ዳር ሰበሰበች። ከሙሪድ ማሳ የለቀመቻቸው ትሎች ላይ ከሰጃወል የወሰደችውን ያንኑ ዓይነት መርዝ አፈሰሰች፤ ተኮማትረው ሞቱ። ከራምዛን ማሳ የመጡት ላይ ደገመች፤ እየተሳቡ ሄዱ።

«ሸሚዙ ላይ ያሉት መርዝ ውስጥ ተነክረው አልሞቱም። ስለዚህ የዚህ ማሳ ትሎች አይደሉም። ሙሪድ የወደቀው ዓመት በዓመት በሚረጭ ማሳ ውስጥ ነው። ሰጃወል መሬት የለውም። የሙሪድን ማሳ ከሦስት ጎን አሸዋ ይከበዋል፤ አሸዋው ላይ ደግሞ ዱካ የለም። በአራተኛው ጎን ከቦይው ማዶ ያለው ማሳ ያንተ ነው፣ ራምዛን። የሙሪድ ተረከዝ ላይ ያለው የቦይ ጭቃ ስትጎትተው የነካው ነው።»

ራምዛን በእጁ ወደ ማዶው ማሳው አመለከተ። «በሰጠሁት የእርጎ መጠጥ፣ በላሲው ውስጥ መርዙን ጨመርኩበት... ትሎቹ ከሱ እየመጡ ጥጤን ፈጁት!»

«የፈጁህ አንተው በመርዝህ ያሳደግሃቸው ናቸው። የሱ ትሎችማ ሲሞቱ አየህ።»

ራምዛን በካቴና ታስሮ የተጫነበት መኪና ሳይርቅ ጎረቤቶቹ መርጫቸውን አዝለው የሙሪድ ማሳ ውስጥ ገቡ። ያንን የሚከለክል ሕግ በተህሚና እጅ አልነበረም።

«አለቁ! ይኸው ረገፉ!» ብሎ ጮኸ አንዱ በደስታ።

ዙሌኻ ከማሳው ዳር ቁጭ አለች።

«አዎ፣ አለቁ» አለች። «ከእንግዲህ በመርዛችሁ የሚሞት ትል የላችሁም።»