ካቻቢቴና ዘፈን

ሽቦ የሚሏት ልጅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ጆሮዎቿ ውስጥ የተሰኩት ትንንሽ ማዳመጫዎች የሱቁን ጫጫታ፣ የመንገዱን ጥሩምባ፣ ሁሉን ነገር ውጠውታል። የቀረው ዘፈኑ ብቻ ነው። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል። የጊታሪስቱ ጣት በክሩ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ይህን ዘፈን በጎረቤት ሬዲዮ ስንቴ ሰምታዋለች፤ ለካስ ሰምታው አታውቅም!

ዓይኗን ስትገልጥ የባለሱቋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። «እንዴት ነው?» ያለቻት መሰላት።

«ጉድ ነው!» አለች ሽቦ።

ባለሱቋ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። ማዳመጫውን ነቀለችላትና፣ «ቀስ በይ እናቴ! ጆሮሽን የደፈንሽው አንቺ፣ የምትጮኺው እኔ ላይ!» አለቻት።

ሽቦ አፈረች፤ እጇ ላይ ያለውን ማጫወቻ ግን አልለቀቀችም። ብርማ ነው፤ ስስ፣ ቀዝቃዛ፣ ሲነኩት ለስላሳ። ክፍል ውስጥ ይዛው ብትገባ ሁሉም ሲከቧት ታያት። አሪፍ ማለት ይሄ ነው።

«ለራስሽ ነው?» አለች ባለሱቋ።

«ለአባቴ ነው።»

«ታድለው! የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ነው ሰፊ? ማዳመጫው በየልኩ አለው።»

ሽቦ ማጫወቻውን አገላበጠች። ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ሥራ ከያዘ ቆይቷል። ሰሞኑን ገንዘብ ልኮ፣ «ለአባዬ ቆንጆ የሙዚቃ ማጫወቻ ግዙለት፤ ምርጫው የሽቦ ነው፤ ለእሱ እንዳትነግሩት» ብሎ ነበር። ሽቦ የሚል ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ስለ ቅጥነቷም፣ ቤት ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ አይታ ማለፍ ስለማትችልም። ወንድሟ የሚያስታውሰው አባት መኪና ሥር ተኝቶ የሚዘፍን ሜካኒክ ነው። ድምፁ ከጋራዡ አልፎ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ይቺን ዝፈንልን» ይለው ነበር።

ያ ሰውዬ አሁን አይዘፍንም። ወንድሟ ከሄደ በኋላ የአባቷ የጆሮ ሕመም ባሰና ሁለቱም ጆሮዎቹ ተደፈኑ። ምንም ነገር ጆሮው ውስጥ እንዳይሰካ ሐኪም ከልክሎታል። ሰው አጠገቡ ቆሞ ካልጮኸለት አይሰማም። ለወንድሟ ግን ይህን የነገረው የለም። «ብቻውን ሆኖ ለምን ሆዱ ይባባ?» ብላ እናቷ ከልክላለች። ለሽቦም፣ «ዝም ብለሽ ምረጪ። አባትሽ ባይሰማውም ልጄ ገዛልኝ ብሎ ደስ ይለዋል» አለቻት።

ሽቦም አሰበችበት። አባዬ ካልሰማው ማን ሊሰማው ነው? ኪሱ ውስጥ ተቀምጦ ከሚያረጅ እሷ ጋ ቢሆን ምን አለበት? ነገሩ ደስ የሚል እንዳልሆነ ታውቀዋለች። ጆሮዋ ግን አንዴ ቀምሷል።

«ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ» አለች። «ምሳ አድርሼ እመለሳለሁ።»

ጋራዡ ከሱቁ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሽቦ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥላ ስትገባ አባቷ ኮፈኑ በተከፈተ አሮጌ ታክሲ ላይ አጎንብሷል። ሞተሩ እየሠራ ነው። የታክሲው ባለቤት እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ሲያያት፣ «ስንት ጋራዥ አዞርኩት መሰለሽ! አንድ ድምፅ አለ፣ የት እንዳለ ግን ማንም አላገኘልኝም። እንግዲህ አባትሽ ካገኘው እናያለን» አለ።

አባቷ ረጅሙን ካቻቢቴ ይዟል። የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ተጭኖታል። ትንሽ ያዳምጥና ጫፉን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ሽቦ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታየው ነው የኖረችው፤ አባቷ ቱታ እንደሚለብስ ሁሉ ካቻቢቴም ጆሮው ሥር ያደርጋል፣ በቃ። ዛሬ ግን ፊቱን አየች። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። እሷ ራሷ አሁን ሱቁ ውስጥ የቆመችው ልክ እንደዚህ ነበር።

«አገኘሁት» አለ አባቷ ቀና ብሎ። «ይቺ ማዞሪያዋ ብረት፣ ኩሽኔታዋ ናት። አልቅሳ አልቅሳ ሳትሞትብህ ቀይራት።»

ባለታክሲው ራሱን ነቀነቀ። አባቷ ሽቦን ሲያይ ፊቱ በራ። «ሽቦዬ! ትምህርት እንዴት ነበር?»

ጠዋት ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። የሒሳብ አስተማሪያቸው ወንበር ተሰብሮ ነበር፤ ታሪኩ ግን ከወንበሩ በፊት የሚጀምር፣ የሰዎቹን አነጋገር እየቀዱ የሚያወሩት ዓይነት ነው። እየጮኹ ምን ይወራል? ቀልድ ሲጮኽ ይሞታል፤ ደግሞ ባለታክሲው ቆሟል።

«ጥሩ!» ብላ ጮኸች።

ከአባቷ ጋር ወሬያቸው ይሄው ከሆነ ቆየ። «ጥሩ!» «ምሳ!» «ስልክ!» «በሩን!» የቀረው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ይቀራል።

እጇን ወደ ካቻቢቴው ዘረጋች። አባቷ ገረመው፤ ግን ሰጣት። ጫፉን የት እንደምታሳርፍ አሳያት፣ እጀታውንም ራሱ ከጆሮዋ ጀርባ አስተካከለላት።

ሽቦ ደነገጠች። ሞተሩ ውጪ አልነበረም፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቷል! የሚሽከረከረው፣ የሚመታው፣ የሚተነፍሰው ሁሉ ለየብቻው ይሰማል። ከመሃል ደግሞ አንድ ቀጭን ልቅሶ አለ፣ ኩሽኔታዋ መሆኗ ነው። ሌላውን ጆሮዋን በእጇ ደፈነችው። አሁንም ይሰማል።

«አባዬ! ይሄ ሁሉ ይሰማሃል?» አለች ጆሮው ሥር ጮኻ።

«እንዴታ!» አለና አጥንቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ጆሮ በር ነው። በሩ ቢዘጋ በግድግዳ ይገባል።»

ሞተር በግድግዳ ከገባ፣ ዘፈንስ?

ሐሳቡ እንደመጣ ሽቦ ባይመጣ ብላ ተመኘች። ብርማው ማጫወቻ ተጠቅልሎ እየጠበቃት ነው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ወንድሟ አያውቅ፣ እናቷ አታውቅ። አባቷም ስጦታውን ተቀብሎ፣ ወንድሟን መርቆ፣ «እንኪ ሽቦዬ፣ አንቺ ስሚበት» ይላታል። ይህን እንደሚል እርግጠኛ ነች፤ ልቧን የሚወጋትም እሱ ነው። አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ያ መንገድ ሙሉ ሰው ያስቆም የነበረ አፍ!

ጆሮው ሥር ሄዳ ጮኸች። «አባዬ! ምሳው ይቆይ! ካቻቢቴህን ይዘህ ና!»

«መኪና ቆሞ ነው?»

«አይደለም! ዘፈን ነው የቆመው!»

አባቷ ምንም አልገባውም። ግን ተከተላት።

ባለሱቋ ቱታ የለበሰ ሰው ረጅም ካቻቢቴ ይዞ ሲገባ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ኧረ ምነው! ሱቄን ሊፈቱብኝ ነው?»

ሽቦ ትንፋሽ ሳትወስድ አስረዳቻት። ባለሱቋ አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ካቻቢቴውን አየች። «በአጥንት? አንቺ ልጅ፣ እያሾፍሽብኝ እንዳይሆን» አለች። ቢሆንም ነገሩ ስቧታል መሰል፣ ያላትን ማጫወቻ ሁሉ መስታወቱ ላይ ትደረድር ጀመር። ሽቦ ለአባቷ፣ «ልጅህ ነው የላከልህ! ምረጥ!» ብላ ጮኸችለት። አባቷ እጁን ቱታው ላይ ደግሞ ጠረገ።

መጀመሪያ ያነሳው ብርማውን ነው። አገላበጠው። ካቻቢቴውን አስጠጋ፤ ድምፁ የሚወጣው በማዳመጫው ብቻ ስለሆነ የሚሰማ ነገር አልነበረም። «ቆንጆ ነው፣ ግን አያናግረኝም» አለና እንዳይጫር ተጠንቅቆ አስቀመጠው። ሁለተኛው ባለ ብዙ ቀለም መብራት ነው። «ይሄ አፉ ብቻ ነው፣ ሆዱ ባዶ።» ሌላውን ሲነካው ፊቱን አጨማደደ። «የላላ ብሎን አለበት። ዘፈኑንም የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው።»

«ትናንት ወድቆብኝ ነው!» አለች ባለሱቋ፣ ዓይኗ ፈጦ። «እንዴት አወቁ?»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም ጥቁር ነገር አወጣች። የልብስ ሳሙና ያህላል። «ይሄ ፋራ ነው፣ አላፍርም ልንገርሽ። የሚገዙኝ ዘበኞች ናቸው። ግን ድምፅ አለው፣ ቢወድቅም አይሰበር» ብላ ከፈተችው። የቆየ ዘፈን ጀመረ።

አባቷ የካቻቢቴውን ጫፍ ሳሙና መሳዩ ማጫወቻ ላይ አሳረፈ። እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ተጫነ። ዓይኑን ጨፈነ።

ሽቦ ፊቱን እያየች ትንፋሿን ያዘች። መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ፣ የሞተር ችግር እንደሚፈልግ። ከዚያ ቋጠሮው ቀስ እያለ ተፈታ። አውራ ጣቱ መስታወቱን መምታት ጀመረ፤ ግራሶ የነካው ጣት ነው፣ ባለሱቋ ግን አልከለከለችውም። መንገድ ላይ መኪኖች ይጮሃሉ፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ እሱ እዚያ የለም። እንደዚህ ያለ ነገር ሽቦ አይታ አታውቅም። ሰው ዓይኗ እያየ ከሩቅ አገር ሲመለስ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ አፉ ተከፈተ። መጀመሪያ ማንጎራጎር ብቻ ነበር፣ ዜማውን የሳተ። ትንሽ ፈልጎ አገኘው። ባለሱቋ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ዘፈኑ ሲያልቅ አባቷ ቀና አለ። ዓይኑ እርጥብ ነው፣ ጥርሱ ግን ይስቃል። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ሲሉ እውነታቸውን ነው!» አለ። ካቻቢቴውን አስቀምጦ ሳሙናውን ራሱን ከጆሮው ጀርባ ለጠፈው። «ይኸው! ካቻቢቴም አያስፈልገው። ልጄ ምን እንደላከልኝ እሱ ራሱ አያውቅም።»

«ድምፅም ይቀዳል እኮ» አለች ባለሱቋ፣ ቀይ ቁልፉን ለሽቦ እያሳየቻት። «ተጫኚና አንድ ነገር በይ።»

ሽቦ ቁልፉን ተጫነች፤ ባለሱቋ ፊት መጮህ ስላፈረች ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ምሳህ እየቀዘቀዘ ነው» አለች። ማጫወቻውን መልሳ ሰጠችው።

አባቷ አዳመጠ። ባለሱቋን አየ። ሽቦን አየ። «ይቺ ማናት?»

ሽቦ በጣቷ ራሷን አመለከተች።

«አንቺማ አይደለሽም» አለና እንደገና አጫወተው። ከዚያ እንደገና። ፈገግታው ጠፋ፤ የመጣው ነገር ከፈገግታም የከበደ ነበር። «ሽቦዬ... ድምፅሽ እንዲህ ለስላሳ ነው እንዴ? እኔ እኮ ሁልጊዜ ተቆጥተሽ የምታናግሪኝ ይመስለኝ ነበር።»

ሽቦ ተቆጥታ አታውቅም፤ እየጮኸች ነበር እንጂ። እሱ ግን የሚሰማው ያንን ብቻ ነበር። ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ አልተቆጣሁም፣ አልተቆጣሁም ለማለት። አባቷ በክንዱ አቀፋትና ስለሚቀዘቅዝ ምሳ የምታወራዋን ልጅ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰማት።

«ብርማውስ? ጠቅልዬልሽ ነበር» አለች ባለሱቋ በኋላ።

ሽቦ ጥቅሉን አየችው። ዓይኗ አልነቀል አላት፣ ውሸት ምን ያደርጋል። «ፍቺው» አለች። «እኛ ሳሙናውን ነው የመረጥነው።»

ጋራዥ ሲመለሱ ባለታክሲው እየተቁነጠነጠ ጠበቃቸው። አባቷ ምሳውን ቆሞ ጎረሰና ወደ ኩሽኔታው ሄደ፤ ማጫወቻውን ግን ጥሩ ጥሩ ዘፈን እንድትጭንበት ለሽቦ ሰጣት። ከኮፈኑ ሥር ሆኖ ማንጎራጎር ጀምሯል።

ሽቦ በሩ ላይ የተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ዘፈኖቹ ይደርሳሉ። ቀይ ቁልፉን ተጫነች። ማጫወቻውን አፏ ድረስ አስጠጋችው፤ ከዚያ ትዝ አላትና ራቅ አደረገችው። መጮህ የለም።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ትምህርት እንዴት ነበር ብለኸኝ ነበር አይደል? እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።»