ስም የማይጠራበት ጎተራ

ትርሲት ማንኛውንም ሥራ የምትመረምረው መጀመሪያ ዝም ብላ በማየት ነው። ሠራተኛው የት እንደሚረግጥ፣ ምን ላይ እንደሚደገፍ፣ እጁን ረስቶ የት እንደሚያሳርፍ ታያለች፤ ከዚያ ሥራውን እንደ ሽንኩርት እየላጠች በየልጣጩ ላይ «እዚህ ጋ ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብላ ትጠይቃለች። ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ የወፍጮውን ክፍል፣ ማሸጊያውንና የመኪኖቹን መግቢያ በዚህ መንገድ ፈትሻ አስተካክላለች። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ስለምታበዛ ሠራተኞቹ ከኋላዋ «ቅጠል መጣች» ይባባላሉ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋቸዋለች።

የቀራት ሦስተኛው ሲሎ ነበር። ስንዴ የሚከማችበት፣ መስኮት የሌለው፣ ከግቢው ዛፎች ሁሉ በላይ የቆመ ክብ የኮንክሪት ጎተራ ነው። በክረምት እርጥበት ሲገባው ስንዴው ግድግዳው ላይ ይጋገርና አልወርድ ይላል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከአናቱ ባለው ጠባብ በር ይወርድና የተጋገረውን በረጅም ዘንግ እየወጋ ያወርደዋል። ግግሩ በላዩ ላይ ከተናደበት ግን ሰውየው እንደቆመ ይቀበራል። አምና ዘለቀ የሚባል ሠራተኛ እንዲህ ተውጦ በስንት መከራ በሕይወት አውጥተውታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው አልተመለሰም። ትርሲት የተቀጠረችው በዚያ አደጋ ምክንያት ነው። እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው ተረስቶ እንዳይቀር ለማንም ሳትናገር ለራሷ ምላ ነበር።

ሥራውን ለማየት በወጣችበት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ገመዱን የሚይዙት ጋሽ ለሚ ናቸው፤ ፀጉራቸው በዱቄት ይሁን በዕድሜ የነጣ መሆኑ የማይለይ፣ ረጋ ያሉ ሰው። የሚወርደው ከድር ነው፤ ቀልድ የማያልቅበት፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ በየሰበቡ ስልኩን የሚያይ ጎልማሳ። የብረቱን ክዳን ሲያነሡት የቆየ ጆንያ፣ የእርጥብ አፈርና መፍላት የጀመረ እህል ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ፤ ከድርም «ቢስሚላሂ» ብሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ትርሲት የጠበቀችው ነገር አልመጣም። ከታች የዘንጉ ድብ ድብ ማለትና የስንዴው መንሸራተት ብቻ ይሰማል፤ ጋሽ ለሚ ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከድር ከታች በሳበው ቁጥር እሳቸውም ሳብ እያደረጉ ይመልሱለታል። የሰው ድምፅ ከላይም ከታችም የለም።

«ጋሽ ለሚ፣ ለምን አይጠሩትም?» አለቻቸው።

«እዚህ አፍ ላይ ቆሞ ሰው በስሙ አይጠራም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። እኛን ያለማመዱን ሰዎችም አይጠሩም ነበር።» ትንሽ አሰቡ። «አቧራው አፍ ውስጥ እንዳይገባ ይሆናል።»

ትርሲት ልማድ የሚባል ነገር አትወድም። ከማሽን ይልቅ ብዙ ጣት የቆረጠው ልማድ ነው ባይ ናት። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ብላ የአምናውን አደጋ ስትመረምርም ያገኘችው ይህንኑ ነበር፤ ዘለቀ ገመዱን ስቧል፣ ገመዱ ግን የበሩ ጠርዝ ላይ ተይዞ ስበቱ ጋሽ ለሚ እጅ ሳይደርስ ቀርቷል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱ ከብረት ምሰሶ ጋር እንዲታሰር፣ ከላይ ያለው በስም እንዲጣራ፣ ከታች ያለውም «አለሁ» ብሎ እንዲመልስ አደረገች። ጋሽ ለሚ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ገመድ ጨብጦ ከመቆም ተቀምጦ መጣራት ለሚያማቸው ትከሻ ዕረፍት ነበርና ብዙም አልተከራከሩም።

አሠራሩ ሠመረ። እንዲያውም ከልክ በላይ ሠመረ። «ከድር! አለህ?» ሲባል «አለሁ!» የሚለው ምላሽ፣ ጥሪው ገና ግድግዳውን ዞሮ ሳያልቅ፣ ከተፍ ይላል። ትርሲት ከበሩ አጠገብ ተንበርክካ ስታዳምጥ ዘንጉ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ድብ ድብ ሲል «አለሁ» የሚለው ድምፅ ግን ከወዲያኛው ግድግዳ፣ ደግሞም ከከድር እግር በታች ዝቅ ብሎ የሚመጣ ይመስላታል። አንዳንዴ ምላሹ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ። «የገደል ማሚቶ ነው፤ ክብ ቤት ድምፅ ያምታታል» አለቻቸው፤ እነሱም የተማረ ሰው ብሏልና አመኗት። እሷም ራሷን ለማሳመን ትንሽ ቀርቷት ነበር።

አንድ ቀን ከድር አፉን በፎጣ ጠምጥሞ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ እየሳለ ወጣ። ውኃ ተጎንጭቶ፣ ተፍቶ፣ እንደገና ተጎነጨ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ በተዘጋ ድምፅ፤ «ዛሬ አቧራው ጉሮሮዬን ያዘውና አንድም ጊዜ መመለስ አልቻልኩም።»

«ምን ትላለህ? በጠራሁህ ቁጥር ስትመልስልኝ አልነበረም እንዴ!»

«ጆሮዎን ይታዩ፣ ጋሼ!» ብሎ ከድር ሳቀ።

ጋሽ ለሚም ሳቁ። ትርሲት ግን አልሳቀችም፤ እሷም ሰምታለች። ድምፁ የከድር ነበር፤ ቃሉን መጨረሻው ላይ ጎተት የማድረግ ልማዱ እንኳ አልቀረም። ያሰበችው ስለ ጋኔን አልነበረም፤ ስለ ሥራው ነበር። ከድር ነገ ቢቀበር ጋሽ ለሚ ይጠሩታል፤ የሆነ ነገር «አለሁ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ተረጋግተው ይቀመጣሉ፤ እሱ ከስንዴው ሥር ትንፋሹ እያለቀ። አደጋ ልትቀንስ ብላ በገዛ እጇ አደጋ ሠርታለች። እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም።

ሥራውን አስቁማ ዘለቀ ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ አገኘችው። ፈገግታ የማይለየው፣ ደስ የሚል ሰው ነው፤ ጥያቄዋን ሁሉ ግን ጠይቃ ሳትጨርስ ይመልሳል። እዚያ ውስጥ የሰማው ድምፅ ይኖር እንደሆን ልትጠይቀው አፏን ገና ስትከፍት «ምንም አልሰማሁም፤ ምንም የለም፤ ሰው ይውረድ» አላትና በቀኝ እጁ ጣሳ ውኃ አቀበላት። ልጆቹ በሩ ጥግ ተኮልኩለው ያዩታል፤ አንዳቸውም አይጠጉትም። ልትሄድ ስትነሣ ሚስቱ እስከ ውጭ ሸኘቻትና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«እህቴ፣ ሰው በድንጋጤ እጁ ይቀየራል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዘለቀ ግራኝ ነበር። ከዚያ ካወጡት ወዲህ በግራው ማንኪያ እንኳ አያነሣም።»

ትርሲት «አይዞሽ» ብላት ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ግን የልጆቹ አስተያየት ከዓይኗ አልጠፋም።

በማግሥቱ ጠዋት ራሷ ልትወርድ ቀበቶውን ታጠቀች። ከድር «ኧረ አይሆንም! እኔ ምን ሠርቼ ልበላ ነው?» ብሎ በቀልድም በቁም ነገርም ሊያስቀራት ሞከረ። ገመዱን ከምሰሶው አስፈትታ ጋሽ ለሚን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ከታች ያለው የስንዴ መውረጃ መቆለፉን በእጇ ነክታ አረጋገጠች፤ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። እዚያ ውስጥ ሰው ካለ፣ ሰው ነውና ይወጣል። ሰው ከሌለም የከድርን ድምፅ የሚሰርቀው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ያ ሳይታወቅ ከድርን ማውረድ አይሆንላትም።

ብርሃኑ ከላይ እየጠበበ ሄዶ የስኒ አፍ አክሎ ቀረ። እግሯ ሲያርፍ ስንዴው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት፤ ጨለማው እንዳሰበችው አልቀዘቀዘም፤ ይሞቅ ነበር፤ ብዙ ሰው ተፋፍጎ ያደረበት፣ በሩ ያልተከፈተ ክፍል ዓይነት የታመቀ ሙቀት፣ ከእግሯ ሥር ወደ ላይ እየተነፈሰ፣ ማስኳን አልፎ ምላሷ ላይ የሚቀመጥ። ባትሪዋ አቧራውን እንጂ ከአቧራው ማዶ ያለውን አላሳያትም። ከግድግዳው የሚላቀቁ ፍሬዎች አንድ አንድ እያሉ ይንጠባጠባሉ፤ ደግሞ ሁሉም በአንድነት ቀጥ ይላሉ፤ ሰው ሊያዳምጥ ትንፋሹን ሲይዝ እንደሚሆነው። ያን ጊዜ ከላይ «ትርሲት! አለሽ?» የሚለው የጋሽ ለሚ ጥሪ ወረደ። ላለመመለስ አስቀድማ ቆርጣ ነበርና ከንፈሯን ነከሰች።

«አለሁ!» አለ የራሷ ድምፅ፤ ከኋላዋ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት።

ዞረች። ባትሪው ሰው አላሳያትም፤ ስንዴው ግን እዚያ ቦታ ላይ ከሥር ወደ ላይ አብጦ፣ ቀስ ብሎ ይነሣና ይወርድ ነበር። ገመዱን መሳብ፣ መጮኽ፣ መሸሽ ነበረባት፤ ሁሉንም ታውቃለች፣ ሌሎቹን ያስተማረችው እሷ ናት። ነገር ግን ድምፁ የእሷ ይሁን እንጂ ድምፁ ውስጥ ያለው ልመና የእሷ አልነበረም። ሰው እዚህ ተረስቷል ብላ አሰበች። ፈርታ ሳለ አዘነችለት፤ ሐዘኑም በለጠባት።

«ማነህ?» አለች በሹክሹክታ። «እጅህን ስጠኝ፤ አወጣሃለሁ።»

የዘረጋችውን እጅ አንድ እጅ ያዘው። ሻካራ፣ ሞቃት፣ የሠራተኛ እጅ ነው፤ ደግሞ ግራ እጅ።

«ይቅር በዪኝ» አላት በራሷው አንደበት። «ልጆች አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጥርታ አልለየችውም። ገመዱ ተወጠረ፤ ጋሽ ለሚ ከላይ «በርቺ! ያዢ!» ሲሉ ተሰማ፤ አንድ ሰው ከስንዴው ተላቅቆ ወደ ብርሃኑ መውጣት ጀመረ። ቀና ስትል እየራቋት የሚሄዱት የራሷ ጫማ ሶሎች ነበሩ፤ ተረከዙ ላይ ሊስትሮ የሰፋላት ክር ሳይቀር ይታያል። ጮኸች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም፤ ድምፅ የሚወጣበት አፍ መኖሩንም እርግጠኛ አልነበረችም። ከላይ፣ ከፀሐዩ በኩል፣ የገዛ ራሷ ሳቅ መጣ። «ምንም የለም፤ ማሚቶ ነው። ሥራው ይቀጥል» ሲልም ያው ድምፅ ተሰማት። ክዳኑም ተዘጋ።

እዚያ ውስጥ ቀንና ሌሊት አይለይም። ስንዴው ከላይ ሲፈስ ትሰማዋለች፤ ከታች ሲቀዳ አብራው ዝቅ ትላለች፣ ሲሞላም አብራው ከፍ። ስንት ጊዜ እንደጮኸች አታውቅም። ድምፅ የሚመጣላት ከላይ የሰው ስም ሲጠራ ብቻ መሆኑን፣ ያውም የተጠራው ሰው ድምፅ መሆኑን የተረዳችው ከድር እንደገና መውረድ ሲጀምር ነው። ዝም አለች። በየጥሪው ጉሮሮዋ ውስጥ «አለሁ» የሚለው ቃል እንደ ፍም ሲፈጃት ዋጥ እያደረገች ታሳልፈዋለች፤ ከድር ራሱ ይመልሳል፣ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል። ሚስቱ መውለዷን ያወቀችውም እዚያው ነው፤ በዘንጉ እየወጋ ለሕፃኗ ሊያወጣላት ያሰበውን ስም ብቻውን ሲያጉተመትም ሰማችው። ሴት ናት። ትርሲት ደስ አላት፤ ደስታዋን የምትነግረው ሰው በማጣቷም እንባ ሳይኖራት አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ዝምታው ከበዳት። የሰው ልጅ ለብቻው ምን ያህል ዝም ሊል ይችላል? የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንድ ጠዋት ጋሽ ለሚ «ከድር! አለህ?» ብለው ሲጣሩ ቃሉ አመለጣት። «አለሁ!» አለች በከድር ድምፅ፤ ከድር አፉን ሳይከፍት። የዘንጉ ድብ ድብ ቆመ።

«ማነው?» አለ ከድር። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ግን አልሸሸም። «ሰው አለ እንዴ? ወንድሜ፣ አይዞህ፤ እጅህን ስጠኝ!»

መዳፉ ጨለማውን እየዳበሰ ወደ እሷ ሲቀርብ፣ «ሽሽ» ልትለው እንደሚገባ ከማንም በላይ የምታውቀው ትርሲት እጁን ያዘችው።