ጠጥቷል

ሽማግሌው የሞቱት ከውኃው በርሜል አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀው ነው።

ሴት ልጃቸው መድኃኒታቸውን ከሐኪም ቤት ይዛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ፣ ገና ተሠርቶ ባላለቀው ጥላ ዳር፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኘቻቸው። ፀሐይ በምዕራብ በኩል ገብታ ከእግራቸው እስከ ግንባራቸው ወርሳቸዋለች። ከንፈራቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። «አባዬ!» ብላ ወንበሩን ስትይዝ ብረቱ መዳፏን ፈጃት።

በጩኸቷ ቤቱ ሁሉ ነቃ። እንጀራ እናቷ ሻሿን እያሰረች ከመኝታ ቤት ወጣች። የሟች ታናሽ ወንድም፣ አጎቷ፣ የውኃ ቱቦ በእጁ እንደያዘ ከጓሮ እያነከሰ መጣ። የጥላውን እንጨት የሚሠራው አናጢ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ከተኛበት ተነሣ። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ ጥቅል ሽቦ በትከሻው አድርጎ በውጭ በር ገባ። ግንበኛ ነው። ሥራው ቅንጣት ስለማይዛነፍ ሰፈሩ «ውኃ ልክ» ይለዋል። ለበረሃው ሙቀት መሸሻ ይሁን ተብሎ ከቤቱ ጀርባ የተጀመረውን ይህንን ጥላ በገዛ እጁ የሚሠራው እሱ ነው። ዐምዶቹ ቆመዋል፤ የአርማታ ጣሪያው ከተሞላ አራተኛ ቀኑ ነው።

አጎትየው ቱቦውን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢል፣ ውኃ ልክ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ይተዉት አጎቴ፣ ጠጥቷል።»

ልጅቱ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ያችን ቃል ያዘቻት። ለካ ውኃ አግኝተዋል። ሳይጠሙ ነው የሞቱት።

መጽናናቱ ግን አልቆየላትም።

«አንቺ ነሽ!» አለች እንጀራ እናቷ። «ካጠገባቸው አትለዪ ተብለሽ ስትዞሪ ውለሽ፣ አሁን መጥተሽ ትጮኺያለሽ?»

«መድኃኒት አልቆባቸው ነው እትዬ። ወረፋው...»

«አራት ሰዓት ሙሉ? መድኃኒቱን ቁጭ ብለሽ ስትቀምሚ ነበር?»

አጎቷም አልራራላትም። «ጥላ ሠርተንለት በፀሐይ ገደልሽው» አላት።

ሁለት ዓመት ሙሉ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ከአልጋ አንሥታ ያስተኛቻቸውን ሰው፣ አንድ ቀን ለአራት ሰዓት ብትለያቸው ገደለቻቸው ማለት ነው? እውነት ከሆነስ? ይህን ይዞ እንዴት ይኖራል?

ሊያያቸው የመጣው ሐኪም የሟቹን እጆች ገለበጠና ወረቀቱን ሳይፈርም አጠፈው። «የገደላቸው ሙቀት ነው» አለ፤ «ግን እኔ አልፈርምም። ፖሊስ ይምጣ።»

ፖሊስ ጣቢያው የላከው አንዲት ቀጭን፣ ዝምተኛ መርማሪ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ አሸዋው ሁሉ ሲያልፍ ጠጠሩ እሷ ጋ ስለሚቀር። አሥር ሰዓት ላይ ደርሳ መጀመሪያ ያየችው የሟቹን መዳፍ ነበር። ቆዳው ተልጧል፤ በተላጠው ላይ የጎማ ጥቁረት ተጋግሮበታል።

«እጃቸው ይሠራ ነበር?» ስትል ልጅቱን ጠየቀቻት።

«የከዳቸው እግራቸው ነው እንጂ ክንዳቸው የብረት ነው። ወንበሩን ራሳቸው ነው የሚገፉት።»

«ታዲያ ፀሐይዋ ስትመጣባቸው ለምን ወደ ኋላ አላፈገፈጉም? ሁለት ክንድ ቢሸሹ ጥላ ነበር።»

ልጅቱ ይህን አላሰበችውም። የወንበሩን ፊት አየች፤ ወለሉ እዚያ ላይ ያልቅና አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ፊት ቢሉ ይገለበጣሉ። ወደ ኋላ ግን ሜዳ ነው።

«የቤቱ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው? በይ ተከተይኝ» አለች ወንፊት። «እነሱ ሲያወሩ እኔ አንቺን አያለሁ። የቤተሰብ ውሸት የሚታወቀው በቤተሰብ ፊት ነው።»

እንጀራ እናትየው መጋረጃው በተጋረደ ክፍል አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ደረቅ ዓይኗን በመሐረብ ትጠርጋለች።

«አምስት ተኩል ላይ 'ጥላውን አሳዪኝ' አሉ። ገፍቼ መሐሉ ላይ አስቀመጥኳቸው። መሐሉ ላይ! ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ተኛሁ።»

«ሲጣሩ አልሰሙም?»

«የውኃው ሞተር ሲያጓራ ማን ይሰማል? ከሰባት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል ጭንቅላቴን ሲበሳኝ ነበር።»

«ማን አስነሣው?»

«ማን ሊሆን? አጎትየው ነዋ። የሱ ሥራ ነው።»

አጎትየው ሳሎን ሬዲዮ አጠገብ ነበር። ጥያቄውን ሲሰማ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለው።

«እኔ? በቀትር ፀሐይ መሰላል ላይ? ልጄ፣ ጣሪያውን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ አጠጣለሁ። የቀትሩን እዘለዋለሁ። ውኃ ልክ እንዳይሰማኝ!»

«ቢዘሉት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል ይላል። በዚህ ሙቀት አዲስ አርማታ እንደ ሕፃን ነው ይላል። ጆንያ አልብሶታል እኮ! በእርጥብ ጆንያ ተጀቡኖ ነው የሚውለው። ለኔ እንኳ አንሶላ አልሰጠኝም።»

«አንድ ማጠጫ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ሞተሩ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ጮኸ።»

«አናጢው ነው ብዬ ነበር» አለ አጎትየው ትከሻውን ነቅንቆ።

«ወንድምዎን ይወዷቸው ነበር?»

«ታላቅ ወንድም ይወደዳል እንዴ? ይፈራል እንጂ።»

አናጢውም ሞተሩን ሰምቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ አጎትየው መስሎታል። እንዲህ ሦስት ሰው አንዱ በሌላው እያመካኘ፣ ሽማግሌው መሐል ላይ ቀሩ።

«ውኃ የግንበኛ ነው» አለ አናጢው። «እኔ ከእንጨት ውጭ አልነካም። ይኸው እነዚህ አሥራ ሁለት ድጋፎች የኔ ናቸው። አርማታው እስኪጠነክር ጣሪያውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሽብልቅ አለ፤ ጫፋቸው የቀጠነ የእንጨት ቁራጭ፣ ፊትና ኋላ ገጥመው የገቡ። መትቼ ካጠበቅኩ በኋላ አንድ ምስማር እመታባቸዋለሁ። ሌሎች አናጢዎች 'ፈሪ' ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ አባቴ እንዲያ አስለምዶኝ ሳልመታ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ወንፊት ተንበርክካ ከድጋፍ ወደ ድጋፍ እየዳኸች አየች። ምዕራብ ዳር ያለው መጨረሻው ድጋፍ ሥር ብዙ ቆየች። ጣቷን መሬት ነክታ ስታነሣው ቀይ የጡብ ዱቄት ይዟል። ከዚያ መሰላሉን ወጥታ ጆንያዎቹን ጨመቀች፤ ውኃው በክርኗ ወረደ።

«አባትና ልጅ እንዴት ነበሩ?» አለች ስትወርድ።

አናጢው ልጅቱን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽማግሌው ድሮ የግንበኞች አለቃ ነበሩ አይደል? የልጃቸውን ሥራ በየቀኑ 'ዳስ' ነው የሚሉት። 'ምዕራቡን ክፍት ትተህ ይሄ ጥላ ይባላል? ዳስ ነው! ለሠርግ ተተክሎ በማግስቱ የሚነቀል!' ትላንት በሠራተኛ ፊት 'አስፈርሰዋለሁ' አሉት።»

«እሱስ?»

«'እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ' አለ። ሌላ ምን ይላል?»

ሌላ አይልም። ልጅቱ ታውቃለች። በዚያ ቤት አባት አንቱ ነው። ልጅ ሆነው አንድ ጊዜ «አንተ» ያለ ቀበቶውን ይቀምሳል። ወንድሟ አርባ ዓመት አልፎት እንኳ፣ በሌሉበት ሲያማቸውም ቢሆን፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ውኃ ልክ ጥያቄውን የመለሰው ቆሞ ነው።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሽቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እኅቴ ስትጮኽ ደረስኩ።»

«መሐል ላይ አልተመለሱም?»

«አልተመለስኩም።»

«ምዕራቡን ለምን ክፍት ተዉት?»

«እዚያ በኩል ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ይመጣል፤ ነፋሱን አሳልፎ ፀሐዩን የሚያስቀር። ተራው ሲደርስ። እሳቸው መች ሰው ጠብቀው ያውቃሉ?»

ወንፊት ልጅቱን ወደ ጓሮ ይዛት ሄደች። «ፊትሽን ሳየው ነበር» አለቻት። «ይወቅሱሻል፣ ታለቅሻለሽ። ግን አንድ የያዝሽው መጽናኛ አለ። ምንድን ነው?»

«ወንድሜ 'ጠጥተዋል' ብሏል። ሳይጠሙ ነው የሞቱት።»

«እኅቴ፣ ምላሳቸው እንደ እንጨት ደርቋል። ጠብታ አልወረደላቸውም። ቃሉን እንደ ወረደ ንገሪኝ። ሳታርሚ።»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ቃሉ እንደ ወረደ ሲመጣላት የበርሜሉን ጠርዝ ያዘች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ጥላው ሥር ተሰበሰቡ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ እስከ ኋላው ግድግዳ ገብታለች። በዚህ በኩል እንኳ ሽማግሌው ልክ ነበሩ።

«ሟቹ ጤነኛ ክንድ ነበራቸው» ብላ ጀመረች ወንፊት። «ከፀሐይ ያልሸሹት መንኮራኩሩ ስለማይንቀሳቀስ ነው። መዳፋቸው እስኪላጥ ታግለውታል። አንድ ሰው ከመሐል ወደ ዳር አምጥቷቸው ከኋላ አንድ ነገር ወትፎበት ነበር። ሲገኙ ግን ምንም የለም፤ የወተፈው ሰው መልሶ ወስዶታል።» ወደ ዳሩ ድጋፍ ሄዳ ሁለቱን ሽብልቆች በእግሯ ነካች። «እነዚህ ናቸው። የጎማው ጥቁረት ይታያል።»

እንጀራ እናትየው ዓይኗን አናጢው ላይ ተከለች። «ሽብልቅ የማን ነው ታዲያ?»

«እኔን ነው የሚሉት?» አናጢው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ይቀመጡ» አለችው ወንፊት። «አሥራ አንዱ ድጋፍ ምስማር አለው። ይሄ ቀዳዳው ብቻ ነው የቀረው። እርስዎ ቢመልሱት ኖሮ ሳይመቱበት አይሄዱም ነበር። የመለሰው ሰው ሽብልቅ ማጥበቅ ያውቃል፤ የእርስዎ ምስማር ግን ትዝ አላለውም።

«ደግሞ ከሥሩ የጡብ ዱቄት አለ። ሽብልቆቹ ሲወጡ ጣሪያው በጣት ስፋት እንኳ እንዳይሰምጥ ጡብ ተተክቶለታል። እሜቴ፣ እርስዎ ይህን ያስቡ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አጎትየውስ በቀትር መሰላል አይወጡም። ገዳዩ ግን ወጥቷል። ሞተሩን ያስነሣው ጩኸቱን ለመዋጥ ነው፤ ለዚያ ብቻ ቢሆን ውኃውን መሬት ላይ ባፈሰሰው ነበር። እሱ ግን ጣሪያውን አጠጣ። ሰው ከሥር በውኃ ጥም እየሞተ፣ ከላይ አርማታው እንዳይሰነጠቅ የሳሳ ሰው ነው።»

«የቀረው አንድ ቃል ነው» አለች ወንፊት፤ ወደ ልጅቱ ዞረች። «ንገሪያቸው።»

ልጅቱ ወንድሟን እያየች ተናገረች። «አጎቴ ቱቦውን ይዞ ሲመጣ፣ 'ይተዉት፣ ጠጥቷል' አልክ። እኔ ስለ አባዬ መስሎኝ ነበር። ስለ አባዬ ቢሆን 'ይተዉዋቸው፣ ጠጥተዋል' ትል ነበር። አንተ እሳቸውን አንቱ ሳትል ቀርተህ አታውቅም።»

«አንተ የምትለው ጣሪያውን ነው» አለች ወንፊት፤ አንቱታዋ ከአፏ ወርዷል። «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ውጭ የነበረ ሰው፣ አጎትህ ሁሌ የሚዘለው የቀትሩ ውኃ ዛሬ መጠጣቱን በምን አወቀ?»

ውኃ ልክ አልካደም። መጀመሪያ ያየው ፖሊሷን አይደለም፤ የጣሪያውን ሆድ ነው። ከዚያ ለእኅቱ ተናገረ፤ ድምፁ የሥራ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሰው የረጋ ነበር።

«አሥር ዓመቴ ነበር። አዲስ ግንብ አጠጣ ተብዬ ጨዋታ ይዞኝ ረሳሁ። ተሰነጠቀ። ግንቡ ፊት አቆሙኝ፤ ከጠዋት እስከ ፀሐይ መግቢያ። ውኃ ስለምናቸው 'መጀመሪያ ግንቡ ይጠጣ' አሉኝ። እያየሁ አጠጡት። አንቺ ያን ጊዜ አልተወለድሽም።»

«ዛሬ ምን አሉህ?» አለች ልጅቱ። ማወቅ አልፈለገችም፤ ግን ጠየቀች።

«ውኃ ለመኑኝ። 'መጀመሪያ ጣሪያው ይጠጣ' አልኳቸው። ልብ በይ፣ እስከ መጨረሻው አንቱ እያልኳቸው ነው።»

እጁን አስረው ሲወስዱት በሩ ላይ ዞር አለ። «እኅቴ፣ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል። በቀን ሦስቴ። አጎቴን አትመኚ።»

እሷ ግን ሞተሩን ነቅላ ዕቃ ቤት ቆለፈችበት።

ለቀስተኛው በዝቶ ቤቱ አልበቃ ስላለ በዚያው ጥላ ሥር ተቀመጠ። አጎትየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣ «ዳስ ብሎት ነበር፤ ይኸው ዳስ ሆነ» አለ። የሳቀለት የለም። ከላይ ጆንያው ደርቆ እንደ ቆዳ ተጨማደደ። በስድስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጣሪያው ሰው ቀና ያሰኘ ድምፅ አሰማ፤ ከምዕራቡ ጠርዝ እስከ ኋላው ግድግዳ ፀጉር የምታህል መስመር ተሰመረች።

በወሩ ልጅቱ እስር ቤት ሄደች። በሽቦው ወዲያና ወዲህ ቆሙ። ወንድሟ ስለ ቀብሩ አልጠየቃትም። ስለ ራሷም አልጠየቃትም። ፊቱን ወደ ሽቦው አስጠግቶ አንዲት ቃል ብቻ አለ፤

«ጠጥቷል?»

ልጅቱ የአባቷን ከንፈር አስታወሰች።

«አልጠጣም» አለችው።

ያን ጊዜ ውኃ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።