ከግራ የተወረወረ ኳስ

ጠጋ በሉ ልጆች። ከኋላ ያላችሁም ወንበራችሁን ሳቡ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይሄድም። እያወራሁ ቁጣ ቁጣ ካለኝ በእናንተ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ካለፈ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ዛሬም አልበረደልኝም።

እዚሁ ፒንደር ቤንድ፣ በጥቅምት፣ ዓርብ ማለዳ፣ አሰልጣኝ ሆሊስ ታርፕሊ ከተጫዋቾች መልበሻ ቤት ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ምክትላቸው ዌንዴል ማብሪ ነው። ከሸሪፉ ቢሮ መርማሪዋ ኦዴሳ ፕሩት ስትደርስ፣ ሬሳው ላይ ብርድ ልብስ ጥለውበት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ስለ ምሽቱ ጨዋታ ይከራከሩ ነበር። አንዱማ ሦስት ጨዋታ አስበልቶን ሄደ ብሎ አላገጠ። ኦዴሳ ዞር ብላ አየችው። ሰውየው ቆቡን አወለቀ።

ከተማው በአሰልጣኙ እንደ ተቆጣ ነበር። ታርፕሊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኳስን በእጅ ይዞ በመሮጥ ጨዋታ የታወቁ ሰው ናቸው። የእሳቸው ኳስ አከፋፋይ ወይ ሞላላዋን ኳስ ሯጩ ሆድ ላይ ለጥፎ ያቀብለዋል፣ ወይ ሯጩ ወደ ሜዳው ዳር ሲከንፍ በአየር ላይ ይወረውርለታል። ማቀበሉ መሃሉን ይሰብራል፤ መወርወሩ ዳሩን ይከፍታል። ተጋጣሚ የትኛው እንደሚመጣ እስኪለይ ድረስ ሯጩ አምልጧል። በዚያ ዓመት ግን ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ሽማግሌው መወርወሩን ቀስ በቀስ ተዉት። ማቀበል፣ አሁንም ማቀበል፣ ደግሞ ማቀበል። ተጋጣሚ መሃሉን ዘግቶ ይጠብቀን ጀመር፤ ሦስት ጨዋታ በላይ በላዩ ተሸነፍን። ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር ፈርተዋል፣ ደንዝዘዋል ተባለ። የፖስታ ሣጥናቸውን ሁለት ጊዜ ሰበሩባቸው። እኔም፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ምላሴን አልሰበሰብኩም።

ኦዴሳ ተንበረከከች። አሥራ አንድ ዓመት በየጨዋታው መስመር ዳር ቆማ የርቀት መለኪያውን ሰንሰለት የያዘች ሴት ናት፤ ሕዝቡ ኳሱን ሲያይ እሷ እግርና እጅ ታያለች። የሟቹ ፊት ላይ የተሰበረው መነጽር የማንበቢያቸው ነው። የመንገዱ መነጽር በደረት ኪሳቸው ከነማኅደሩ ተቀምጧል። በማንበቢያ መነጽር ደረጃ የሚወርድ ሰው የለም፤ እግሩ የሚረግጠውን አያይማ። እንግዲያው ቆመው ወረቀት እያሳዩ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የለም። ከመንጋጋቸው ሥር፣ አንገታቸው ላይ፣ ጎን ለጎን ሁለት ጣት የሚያህል የደረቀ ደም አለ። ከኋላ ኪሳቸው አንዲት የማስታወሻ ደብተር አወጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሐሙስ ከሚለው ሥር፣ እንዲህ ይላል፦ «ጃሬል። ከቀኝ 6፣ ያዘ 6። ከግራ 6፣ ያዘ 0።»

ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለሸሪፉም አላሳየችው።

የአስከሬን ሐኪሙ ሲመጣ፣ ሰውየው የወደቁት ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ነገራት። ቀጥሎ ያለውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ።

ማብሪን ፊልም ማያ ክፍል ውስጥ አገኘችው፤ ሰሌዳው ላይ የሽማግሌውን ጽሑፍ እያጠፋ ነበር። ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን የተጠበሰ አሳ ሲያድል እንደነበር፣ አርባ ሰው እንዳየው ነገራት። ኮች ሁሉንም አሰናብተው፣ ጃሬል ኦድምን ብቻ አስቀርተው፣ የሜዳውን በር ከውስጥ ቆልፈውታል። ጃሬል የቡድኑ ሯጭ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ።

«ዛሬስ?» አለችው።

«ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ እንጫወታለን ሚስ ኦዴሳ። ለኮች መታሰቢያ። ኳሱን ለጃሬል ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ እንወረውርለታለን። ሕዝቡም የናፈቀው እሱን ነው።»

«ለምን ይመስልሃል የተዉት?»

«ስጠይቃቸው፣ ወደማላምንበት ቦታ ኳስ አልክም አሉኝ። እንግዲህ ፍርሃት ሌላ ስም የለውም።»

የጃሬል አባት ክላይድ ኦድም ግንድ ጫኝ መኪና ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ቁርስ ቤት ውስጥ የሽማግሌውን አንገት እንደሚሰብር ሲዝት ከተማው ሰምቷል። ኦዴሳ መኪናው ጥግ አገኘችው፤ የሐሙስ የጭነት ሚዛን ደረሰኙን ሳትጠይቀው አወጣላት። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ መጋዝ ፋብሪካ፣ ከዚህ ሃምሳ ኪሎ ሜትር።

«ዝቼባቸዋለሁ፣ አልክድሽም» አላት። «ልጄን ኳስ አሳቅፈው የተጫዋች ክምር ሥር ቀበሩት። የኮሌጅ መልማዮቹ መጥተው ምኑን አዩት? ጀርባውን።»

ልጁ በሦስተኛው ጨዋታ ክፉኛ ተመትቶ ወድቆ እንደነበር ስታነሳበት ትከሻውን ነቀነቀ። የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ግሪር በዚያው ምሽት አይተውት፣ ጤነኛ ነው ብለው ፈርመው፣ በሁለተኛው አጋማሽ ተመልሶ ገብቷል።

ዶክተር ኤሞሪ ግሪር ሃያ ስድስት ዓመት በነፃ ቡድኑን ያከሙ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ለኦዴሳ ጣፋጭ ሻይ በበረዶ ቀዱላት። ሆሊስን ከረቡዕ ምሳ ወዲህ እንዳላዩት፣ ጉልበቱ እንደተበላ፣ ያንን ደረጃ ተው ብለው እንደመከሩት አዝነው ነገሯት። ኦዴሳ ተነስታ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ፣ እንዲያው የከተማውን ወሬ እንደማንሳት አድርጋ፣ ሽማግሌው ለምን መወርወሩን እንደተዉ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ሐኪም ነኝ ኦዴሳ፣ የኳሱን ነገር አንቺ ትበልጪኛለሽ። ግን ከስድስት ኳስ አንዱን እንኳ ላልያዘ ልጅ ማን ይወረውራል?»

«እውነትዎን ነው» አለችና ወጣች።

ወደ ፊልም ክፍሉ ተመልሳ ያለፉትን ጨዋታዎች ብቻዋን አየች፤ እያንዳንዱን ውርወራ እየቆጠረች። ከዚያ ጃሬልን ፍለጋ ሄደች። የተመልካቾች መቀመጫ ላይ ብቻውን የተቀቀለ ለውዝ እየፈለፈለ ነበር። መጥታ በግራው በኩል ተቀመጠች። ዞር አላለም። እጇን ዘርግታ ከከረጢቱ ለውዝ ወሰደች፤ አሁንም አላያትም።

«መቼ ጀመረህ?» ስትለው ከመቀመጫው ዘለለ።

መጀመሪያ ካደ። ኋላ እንባው መጣ፤ የቁጣ እንባ። ከዚያ ምት ጀምሮ ግራ ጎኑ እንደ ጭጋግ ሆኖበታል፤ ለአባቱም አልተናገረም፣ ከቡድን እንዳይወጣ። ትናንት ኮች ራሳቸው ቆመው አሥራ ሁለት ኳስ ወረወሩለት። ሲጨርሱ አቅፈውት፣ ነገ አትጫወትም፣ አባትህን እኔ አነጋግረዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ የማነጋግረው ሰው አለ አሉት።

«ዛሬ ብቻ ልጫወት ሚስ ኦዴሳ። ለሳቸው ስል።»

«ስለ ትናንቱ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ለእርስዎ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ፊልም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሸሪፉን፣ ማብሪን፣ ክላይድን ከነልጁ፣ ዶክተር ግሪርን። ማብሪ ሰዓቱን እያየ፣ ልጆቹ ሦስት ሰዓት ነው የቀራቸው፣ ይሄ ለነገ ቢያድር ምናለ ብሎ አጉረመረመ።

«ለነገ ቢያድር አንድ ልጅ አያድርም» አለች ኦዴሳ። «ቁጭ በል።»

መጋረጃው ተዘጋ። «ሯጭ ወደ ቀኝ ሲሮጥ የሚወረወርለት ኳስ ከየት ይመጣዋል?» ብላ ማብሪን ጠየቀችው።

«ከግራው።»

«ወደ ግራ ሲሮጥስ?»

«ከቀኙ።»

ፊልሙን አስኬደች። እስከ ሦስተኛው ጨዋታ ድረስ ኮች ጃሬልን በሁለቱም በኩል ያስሮጡታል። ከዚያ ምት በኋላ ባለው ጨዋታ ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ ተወረወረለት፤ ሁለቱም ደረቱን መቱትና ወደቁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ ብቻ። ተጋጣሚ ይህን ሲነቃበት፣ እሱም ቀረ።

«ሆድህ ላይ የሚለጠፍ ኳስ ዓይን አይፈልግም» አለች። «በአየር የሚመጣ ግን መታየት አለበት። ሽማግሌው አልፈሩም። ልክ መሆናቸውን እስኪያረጋግጡ ልጁን ከዳር ከልክለው መሃል፣ የቡድን ወንድሞቹ ከፊቱ በሚቆሙበት ቦታ ደበቁት። ስድባችሁንም ዋጡ። እኔ ግን ቶሎ አለማስወጣታቸውን ይቅር አልልም፤ እሳቸውም ትናንት ራሳቸውን ይቅር ያሉ አይመስለኝም።»

ክላይድ ምን እያልሽ ነው አላት። ጃሬል ተነሳና ክፍሉ መሃል ቆመ። «ከግራ ይወርውሩልኝ ሚስ ኦዴሳ» አለ።

የመኪናዋን ቁልፍ ወረወረች፤ በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚወረወር። ቁልፉ ትከሻውን መትቶ ወለሉ ላይ ተንቃጨለ። ልጁ እጁን ያነሳው ድምፁን ከሰማ በኋላ ነው። አባቱ አፉን በመዳፉ ያዘ።

ኦዴሳ ቁልፉን ሳታነሳ ቀጠለች። ታርፕሊ የወደቁት ወረቀት ሲያሳዩ ነው፤ መነጽሩ ይመሰክራል። የጠፋው ወረቀት የልጁ የጤና ቅጽ ነው፤ ከቡድኑ ፋይል ውስጥ እሱ ብቻ የለም። ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንገታቸውን ዳስሷል። ክላይድ ቢሆን ትከሻቸውን ይዞ ይነቀንቅ ነበር፤ ማብሪ ቢሆን ይጮህ ነበር። ሁለት ጣት አጋጥሞ ከመንጋጋ ሥር የሚያሳርፍ ይህን ያጠና ነው።

ሁሉም ወደ አንድ ወንበር ዞሩ።

«ሐኪም በሞላበት አገር?» አሉ ዶክተር ግሪር። «ኦዴሳ፣ ሐዘን አደናግሮሻል።»

«ዛሬ ጠዋት ከስድስት ኳስ አንዱን ያልያዘ ልጅ አሉኝ። ያ ስድስት የተቆጠረው ትናንት፣ በተቆለፈ በር ውስጥ ነው። እርስዎ ደግሞ ሆሊስን ከረቡዕ ወዲህ አላየሁትም ብለዋል።»

«ልጁ ነግሮኝ ይሆናል።»

«አልነገርኩዎትም» አለ ጃሬል።

«ደብተሩ ላይ አይቼ ይሆናል እንግዲህ።»

ኦዴሳ ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ደብተር መኖሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከትናንት በፊት ደግሞ ይህ ገጽ ባዶ ነበር። ፊትህ ላይ ይዞ ያነበበልህ ሆሊስ ነው።»

እኛ አገር ማንም ግሪርን አንተ ብሎት አያውቅም ነበር።

ግሪር መሬት መሬት እያየ፣ ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም አለ። ያን ምሽት ልጁን ያየው አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቡድኑ እየጠበቀ፣ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ነበር። ሆሊስ ቅጹን ይዞ ዛሬውኑ ስህተትህን ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ አለው። የሃያ ስድስት ዓመት ስሙን በአንድ ወረቀት ሊያጠፋበት።

«ልቡ እየመታ ነበር» አለች ኦዴሳ። «በጣቶችህ ሰማኸው። ስልክ ኪስህ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ወስደህ እሱን ተውከው፤ ልጁም ዛሬ ምሽት ሜዳ እንዲገባ ዝም አልክ። ይህንንም ገፋሁት እንጂ አልመታሁም አትበለኝ።»

ክላይድ ተነሳ። ግንድ የሚሸከም ሰው ነው፤ ሸሪፉ እጁን ወደ ወገቡ ላከ። ክላይድ ግን ግሪርን አልፎት ሄደ። በልጁ ኋላ ዞሮ በቀኙ በኩል፣ በሚያየው በኩል ተንበረከከና «ጌታዬ» አለው፤ «እኔም እኮ አላየሁህም።»

ጃሬልን በዚያው ሰዓት በርሚንግሃም ሆስፒታል ወሰዱት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ነበር፤ ቀደው ያወጡት ሐኪሞች አንድ ምት፣ አንድ ብቻ ቢጨመር አይተርፍም ነበር አሉ። ተርፏል። የግራ ጎኑ እይታ ግን አልተመለሰም። ማብሪ ያን ምሽት ሜዳው መሃል ቆሞ ጨዋታው ቀርቷል ብሎ ለሕዝቡ ሲናገር፣ ከመቀመጫው ላይ ያፏጩበት ነበሩ። ምክንያቱን ሲነግራቸው ዝም አሉ። ግሪር እስር ቤት ሞተ። በታርፕሊ ቀብር ላይ ስንቆም እርስ በርሳችን መተያየት አቃተን።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አንድ ቀን እናንተም ሜዳ ዳር ትቀመጣላችሁ፤ አንድ ልጅ ወድቆ ይነሳል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ያኔ እጃችሁን አቆዩት። ወርዳችሁ ስሙን ጥሩት፣ ደህና ነህ ወይ በሉት፤ መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት። ይህን አትርሱብኝ፣ እባካችሁ።