ከጸሎቱ ክብ ጀርባ

የሚልኬሳ አስከሬን ከእንጦጦ ገደል ሥር፣ ተጓዦች በወረወሯቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ሁለቱም እጆቹ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ከላይ አፋፉ ላይ አንድ ወጣት አጎንብሶ በስልኩ ይቀርጸዋል።

ኢንስፔክተር ኡርጂ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ዳገቱን ጨርሳ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ይህን ወጣት ነው። ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«የጓደኛህ ሬሳ ነው እኮ።»

«ሰው እንዲጸልይ ሼር ላደርገው ነው» አለ ወጣቱ፣ ሊሊሳ።

ኡርጂ ብዙ ሬሳ አይታለች። የሚያቅለሸልሻት ግን ሁልጊዜ በሬሳው ዙሪያ የሚቆመው ሰው ነው።

ተጓዦቹ የአንድ የጸሎት ኅብረት አባላት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ይነሡና የእንጦጦን ጀርባ ዞረው፣ በቀበና ወንዝ በኩል ወደ ተነሡበት የሚመልሰውን ረጅም መንገድ በእግራቸው ይጨርሳሉ። ከተማዋ ቁልቁል የምትታይበት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁሉም በየራሱ ጮክ ብሎ ይጸልያል። ዛሬ ክቡ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። መሪው ወንጌላዊ ጎበና፣ ጡረተኛው አቶ ለተሥላሴ፣ ሊሊሳና የሟቹ ሚስት ጵርስቅላ። ሚልኬሳ ከኅብረቱ ታግዷልና ክቡ ውስጥ መቆም አይፈቀድለትም ነበር። ሰዎቹ ለከተማዋ ሰላም ሲጸልዩ እሱን ከጀርባቸው፣ ገደሉ አፍ ላይ ብርድ ውስጥ አስቀምጠውታል። ጩኸት ሰምተው እጃቸውን ለቀው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ሁሉም ወደ ገደሉ አፍ ሲሮጡ ሚልኬሳ በቦታው አልነበረም።

ወንጌላዊ ጎበና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። ቅርፊቱን ወደ ገደሉ ይጥላል።

«ሚልኬሳ ለምን ታገደ?» አለችው ኡርጂ።

«መንፈሱ ተቃዋሚ ነበር። እኅታችን ጵርስቅላ ከስኳር በሽታዋ ተፈውሳ መርፌውን ትታለች። እሱ ግን አላመነም።» አፉን ሳይጠርግ ቀጠለ። «መጨረሻው ይኸው ሆነ። ራሱን ጣለ።»

«እርስዎ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ክቡ ውስጥ ነዋ። በቀኜ ጵርስቅላን፣ በግራዬ አቶ ለተሥላሴን ይዤ። ማንም ንቅንቅ አላለም፣ ይጠይቋቸው።»

ኡርጂ ጣቶቹን አየች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰውዬው ግን ባዶ እጁን ነው። «ጓንት አልያዙም?»

«እኔን ብርድ አይነካኝም። ጓንትም ሆነ ጌጥ፣ ለሥጋ የሚሆን ነገር አልወድም።»

የሟቹ ቦርሳ አፋፉ ላይ ቀርቷል። ስትከፍተው በረዶ የተሞላ ትንሽ ፔርሙስ አገኘች፤ በረዶው መካከል የጵርስቅላ ስም የተጻፈበት ኢንሱሊን ነበር።

ጵርስቅላ ከዛፍ ተደግፋ ውኃ በላይ በላዩ ትጠጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሿ እንደ በሰለ ፍሬ ይሸታል። ኡርጂ ይህን ሽታ ታውቀዋለች፤ የስኳር በሽተኛን ሊገድል የደረሰ ሽታ ነው።

«ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ። ዛሬውኑ።»

«ተፈውሻለሁ» አለች በደከመ ድምፅ። «ባሌን የገደለው አለማመኑ ነው ብለውኛል። እኔም ከተጠራጠርኩ እንደሱ…» አልጨረሰችውም።

«እሺ። ስትጸልዩ የማንን እጅ ይዘሽ ነበር?»

«በቀኜ የሊሊሳን፣ በግራዬ የወንጌላዊውን። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። የሱፍ ጓንታቸው ሲይዘኝ ሞቅ አለኝ።»

ኡርጂ ወደ አቶ ለተሥላሴ ሄደች። ሽማግሌው የሱፍ ጓንት አጥልቀዋል።

«ወንጌላዊው ብርድ አይነካኝም ይላሉ እንጂ ልጄ፣ እጃቸው ጓንቴን አልፎ ያቀዘቅዘኝ ነበር» አሉ። «ቀለበታቸውም ቆረቆረኝ።»

«በጸሎቱ መካከል እጃችሁን ለቃችሁ ነበር?»

«እንዴታ። "እጆቻችሁን ወደ ሰማይ" ሲሉ እናነሣለን፣ "ተያያዙ" ሲሉ መልሰን እንይዛለን። ዓይን አይገለጥም። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

የቀረው ሊሊሳ ነበር። በእጇ የያዘችውን ስልኩን እያየ እንጂ እሷን እያየ አልነበረም የመለሰላት።

«ሚልኬሳ ነገ ጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ ሰርክ እናገራለሁ ብሎ ነበር።»

«ሰርክ ማን ናት?»

«ወንጌላዊው መድኃኒቷን አስትተዋት የሞተችው። እሳቸውም እንደሚናገር ሰምተዋል።»

«ይህን እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?»

«እኔ አገልግሎት ላይ ነኝ ኢንስፔክተር። ካሜራ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ኡርጂ የምትተፋበት ቦታ ፈለገች። ከዚያ አራቱንም አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እንደ ጧቱ ቁሙ። ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

«ጸሎት ጨዋታ አይደለም» አለ ጎበና።

«ነፍስ ማጥፋትም አይደለም። ይቁሙ።»

ቆሙ። «እጆቻችሁን ወደ ሰማይ» አለች። እጆቹ ሲነሡ የጎበናን እጅጌ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። ለመከራከር አፉን ሲከፍት አንድ ፖሊስ በመዳፉ ከደነው። «ተያያዙ።» የጵርስቅላ ግራ እጅ አየሩን ዳብሶ ጓንቱን አገኘና ያዘው።

«ጵርስቅላ፣ ሳትገልጪ ንገሪኝ። የማን እጅ ነው?»

«የወንጌላዊው። ጧት የያዙኝ እጅ ነው።»

«አሁን ግለጪ።»

ጵርስቅላ ገለጠች። ከአቶ ለተሥላሴ ጋር ተያይዘው ቆመዋል። ሽማግሌው የጋብቻ ቀለበቷን አዩና ጧት የቆረቆራቸውን ቦታ ዳበሱ።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ግን ማደርም አላስፈለገው» አለች ኡርጂ። «ሚልኬሳ አልተንሸራተተም። የሚንሸራተት ሰው የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ የእሱ እጆች ኪሱ ውስጥ ናቸው። ራሱንም አልጣለም። ሊሞት የመጣ ሰው የሚስቱን መድኃኒት በበረዶ ይዞ ዳገት አይወጣም። ከቀረው መገፋት ነው። ጵርስቅላን ጓንት ይዟታል፣ አቶ ለተሥላሴን ደግሞ ቀለበት ቆርቁሯቸዋል። ወንጌላዊው ሁለቱም የላቸውም። ሊሊሳ በአንድ እጁ ጵርስቅላን፣ በሌላው አቶ ለተሥላሴን ይዟል። ስለዚህ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያይዘው ነበር። ሁሉም ስለሚጮህ የአንድ ሰው ድምፅ መጉደሉን ማንም አይሰማም። ማንም ያልያዘው ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ጎበና አልካደም። ካቴናው ሲገባለት እንኳ ያየው ጵርስቅላን ነበር።

«እኅቴ፣ እምነትሽን አትጣይ። መርፌ ከተወጋሽ ፈውስሽ ይሄዳል።»

አቶ ለተሥላሴ ፊታቸውን አዞሩ። ሊሊሳ ስልኩ መቼ እንደሚመለስለት አንዱን ፖሊስ በሹክሹክታ ጠየቀ። ኡርጂ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቷት አያውቅም።

ጵርስቅላ ጎበናን ብዙ አየችው።

«አንተ ገፋኸው» አለች፤ አንቱታው ቀርቶ ነበር። «ገደሉ አፍ ላይ አስቀምጠን ጀርባችንን የሰጠነው ግን እኛ ነን። እኔ ሚስቱ ጭምር።»

ሁለት እርምጃ ተራምዳ ዘመመች። ኡርጂ ደግፋ ያዘቻት።

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው?» አለች ጵርስቅላ። «መሄድ አልችልም።»

ኡርጂ ጎንበስ ብላ አዘለቻትና ቁልቁለቱን ጀመረች።